ከነጋዴው የሚቆረጠው የካርድ ተቀናሽና ሕጉ ክፍት የተወው በር

ደንበኛ በካርድ ሲከፍል የዕቃው ዋጋ በሙሉ ወደ ነጋዴው ሒሳብ አይገባም። በአሜሪካ አንድ ገዢ የ100 ዶላር ዕቃ በክሬዲት ካርድ፣ ማለትም ባንኩ ከፍሎለት እሱ በኋላ በሚመልስበት ካርድ ቢወስድ፣ ነጋዴው ዘንድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ98 ዶላር ያነሰ ነው፤ የቀረው በመካከል ላሉት ባንኮችና ለካርድ ኔትወርኮች ይቆረጣል። ገዢው ይህን አያይም፣ በደረሰኙም ላይ አይጻፍለትም። ነጋዴው ግን ወሩ ባለቀ ቁጥር ያየዋል፤ የአሜሪካ የቸርቻሪዎች ማኅበራትም ይህ ተቀናሽ ለብዙ አባሎቻቸው ከሠራተኛ ደመወዝ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ እንደሆነ ለሕግ አውጪዎች ደጋግመው አመልክተዋል።

ይህን ተቀናሽ ለመግታት በተለያዩ አገሮች የወጡትን ሕጎች ለረጅም ጊዜ ስከታተል ቆይቻለሁ። ጣሪያ ማስቀመጡ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አብዛኞቹ ሕጎች ከተቀናሹ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ይዘው ሌላውን ለቀዋል፤ በተለቀቀው በኩል ገንዘቡ ስሙን ለውጦ ይመለሳል፤ በዚህ መካከል አብልጦ የሚጎዳውም በጥቃቅን ገንዘብ የሚሸጠው ትንሽ ነጋዴ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተቀናሹ አንድ ወጥ ገንዘብ እንዳልሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያውና አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ፣ ካርዱን ለገዢው ለሰጠው ባንክ የሚሄደው ነው፤ በሙያው ኢንተርቼንጅ ይባላል። ሁለተኛው እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉት ኔትወርኮች ለራሳቸው የሚወስዱት ነው። ሦስተኛው የነጋዴው የራሱ ባንክ ወይም የፖስ ማሽኑን ያቀረበለት ድርጅት የሚያስቀረው ነው። የአንድን ነጋዴ ወርሃዊ የካርድ መግለጫ በጥሞና ያነበበ ሰው ሦስቱ ክፍሎች እንዴት እንደሚደራረቡ ያያል፤ አንዱ መስመር በመቶኛ፣ ሌላው በእያንዳንዱ ግብይት በሳንቲም፣ ሦስተኛው በወር አንድ ጊዜ በቁርጥ ይታሰባል፤ በዚያ ላይ ካርዱ በማሽን ከተነካና ቁጥሩ በኢንተርኔት ከተጻፈ፣ ካርዱ ተራ ከሆነና ሽልማት የሚያስገኝ ከሆነ፣ የአገር ውስጥ ከሆነና የውጭ ከሆነ መጣኙ ይለያያል። ይህ ዝርዝር እንኳን የሚደርሰው ለሚጠይቅ ነጋዴ ነው። ብዙዎቹ የሚደርሳቸው ሁሉም ተቀላቅሎ በአንድ መቶኛ የተጠቃለለ አኃዝ ነው፤ ከዚያ ውስጥ የትኛው ለማን እንደሄደ መለየት አይችሉም።

የነገሩ እንግዳነት የሚጀምረው ኢንተርቼንጁን ማን እንደሚወስን ሲታይ ነው። ገንዘቡ የሚገባው ለካርድ ሰጪው ባንክ ቢሆንም መጣኙን የሚያወጣው ኔትወርኩ ነው። ኔትወርኩ ደግሞ ብዙ ካርድ እንዲወጣለት የሚለማመጠው ባንኮችን ነው። አንዱ ኔትወርክ ለባንኮች ሁለት በመቶ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ተወዳዳሪው ባንኮቹን ለመሳብ ከዚያ የበለጠ ማስገኘት ይኖርበታል። በሌላ ገበያ ፉክክር ዋጋ ያወርዳል፤ እዚህ ግን ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም ኔትወርኮቹ የሚሻሙት ተቀባዩን እንጂ ከፋዩን አይደለም። ነጋዴው «አልቀበልም» እንዳይል ደንበኛው ትቶት ይሄዳል። አንዱን ኔትወርክ ከተቀበለ ደግሞ በኔትወርኮቹ ደንብ መሠረት የዚያን ኔትወርክ ክሬዲት ካርዶች ሁሉ፣ ከፍተኛ ሽልማት የሚሰጡትንና ውድ የሆኑትንም ጭምር መቀበል ይገደዳል። ስለዚህ ገበያው ራሱን ያስተካክላል የሚለውን ክርክር በዚህ ጉዳይ አልቀበለውም፤ የሚያስተካክልበት መንገድ አልተሠራለትም።

ወደ ሕጎቹ ስንመጣ በስፋት የሚጠቀሰው የአሜሪካው ነው። በ2010 የገንዘብ ተቋማትን ለመቆጣጠር የወጣው የዶድ-ፍራንክ ሕግ አንድ አንቀጽ፣ በአቅራቢው በኢሊኖይ ሴናተር ሪቻርድ ደርቢን ስም የደርቢን ማሻሻያ ተብሎ ይታወቃል። አንቀጹ የዴቢት ካርድ፣ ማለትም ገንዘቡ በቀጥታ ከገዢው የባንክ ሒሳብ የሚቀነስበት ካርድ፣ ኢንተርቼንጅ «ምክንያታዊና ከወጪው ጋር የተመጣጠነ» እንዲሆን አዘዘ፤ ልኩን እንዲወስን ደግሞ ለአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ለፌዴራል ሪዘርቭ ተወለት። ከሕጉ በፊት ባንኮች ከአንድ የዴቢት ግብይት በአማካይ 44 ሳንቲም ያገኙ ነበር። ፌዴራል ሪዘርቭ በታኅሣሥ 2010 ያቀረበው ረቂቅ ጣሪያውን ወደ 12 ሳንቲም የሚያወርድ ነበር፤ ከባንኮች ከባድ ጫና በኋላ ግን ከጥቅምት 2011 ጀምሮ የጸናው ደንብ 21 ሳንቲም፣ በዚያ ላይ የሽያጩን 0.05 በመቶ፣ እንዲሁም ማጭበርበርን ለሚከላከሉ ባንኮች አንድ ተጨማሪ ሳንቲም ፈቀደ። ጣሪያው የሚመለከተው ሀብታቸው 10 ቢሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ባንኮች ብቻ ነው። ክሬዲት ካርድን ጭራሽ አይነካም።

በአማካይ ሲታይ ውጤቱ ትልቅ ነበር። 40 ዶላር በሚያወጣ ሽያጭ ላይ አዲሱ ተቀናሽ 24 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ከቀድሞው 44 ሳንቲም ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ሊባል ጥቂት የቀረው ቅነሳ ነው። ነገር ግን አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከደርቢን ማሻሻያ በፊት ኔትወርኮቹ ጥቃቅን ሽያጭ ያላቸው ነጋዴዎች ካርድ እንዲቀበሉ ለማግባባት ልዩ ዝቅተኛ መጣኝ ይሰጡ ነበር፤ የቪዛው 1.55 በመቶ እና 4 ሳንቲም ነበር። በዚህ መጣኝ አንድ ቡና በሁለት ዶላር የሚሸጥ ሰው ለኢንተርቼንጅ የሚከፍለው 7 ሳንቲም ያህል ነበር። ጣሪያው ሲመጣ ኔትወርኮቹ ልዩ መጣኙን አንስተው ሁሉንም ወደ ጣሪያው ወሰዱት። ያው የሁለት ዶላር ቡና ከዚያ በኋላ 22 ሳንቲም ያስቆርጥ ጀመር፤ ይህም የሽያጩ 11 በመቶ ነው። ነጋዴዎችን ለማገዝ የወጣ ሕግ ለእነዚህ ነጋዴዎች ሸክሙን ሦስት እጥፍ አደረገው። ፊልም በዲቪዲ እያከራየ ከሳጥን ያወጣ የነበረው ሬድቦክስ በ2011 የአንድ ቀን ኪራዩን ከ1 ዶላር ወደ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ሲያሳድግ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የጨመረው የዴቢት ካርድ ተቀናሽ ነበር።

ይህ ስህተት ጣሪያ በማስቀመጥ የመጣ አይደለም። የመጣው ጣሪያው በቁርጥ ሳንቲም በመቀመጡና ለትንሽ ሽያጭ ተለይቶ የታሰበ ነገር ባለመኖሩ ነው። ከፍተኛው የተፈቀደ ዋጋ ሲጻፍ የገበያው የጋራ ዋጋ ሆኖ እንደሚቀር ሕግ አርቃቂ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። የሪችመንድ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት የነጋዴዎች ጥናት፣ ከተጠየቁት አብዛኞቹ የዴቢት ወጪያቸው አልተለወጠም ወይም መለወጡን አላወቅንም ሲሉ፣ ከቀነሰላቸው ይልቅ ጨመረብን ያሉት በልጠው ተገኝተዋል። «አላወቅንም» የሚለው መልስ ራሱ ከላይ ያነሣሁትን የተድበሰበሰ መግለጫ ያስታውሰኛል፤ ዋጋውን በማያሳይ መግለጫ የሚኖር ነጋዴ ሕግ ቢያግዘውም ባያግዘውም የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የባንኮቹ ክርክር መነሣት አለበት፣ ምክንያቱም ባዶ አይደለም። ገቢያችን ከቀነሰ ካሳውን ከሒሳብ ባለቤቱ እንወስዳለን ይላሉ። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በመስከረም 2011 የዴቢት ካርድ ተጠቃሚዎቹን በወር 5 ዶላር ሊያስከፍል እንዳሰበ ካስታወቀ በኋላ ከሕዝብ በመጣበት ቁጣ በኅዳር መጀመሪያ ሐሳቡን ሰርዟል፤ ሌሎች ባንኮች ግን ነጻ ለነበሩ ሒሳቦች ዝቅተኛ ቀሪ ገንዘብ በመጠየቅና ወርሃዊ ክፍያ በማስገባት ከጎደለባቸው የተወሰነውን ተክተዋል። ይህ የሆነ ነገር ነው። ሆኖም ለእኔ ሁለቱ ክፍያዎች እኩል አይደሉም። ባንክ ለሒሳብ አገልግሎት የሚጠይቀውን ዋጋ ደንበኛው አይቶ ሌላ ባንክ መምረጥ ይችላል፤ በዳቦ ዋጋ ውስጥ ተቀብሮ የሚመጣውን ኢንተርቼንጅ ግን ካርድ የሌለው ሰው እንኳን ሳያውቀው ይከፍላል።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከጉዳዩ ሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ነጋዴው ለካርድ ከፋዩም ለጥሬ ገንዘብ ከፋዩም አንድ ዋጋ ስለሚለጥፍ የካርዱ ወጪ በሁሉም ላይ ይበተናል። ከካርዱ የሚገኘው ሽልማት፣ ነጥቡና የአውሮፕላን ማይሉ ግን የሚመለሰው ለካርዱ ባለቤት ብቻ ነው። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ሦስት ኢኮኖሚስቶች በ2010 ባወጡት ስሌት፣ በአሜሪካ ጥሬ ገንዘብ የሚጠቀም አንድ ቤተሰብ በዓመት በአማካይ 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች ያስተላልፋል፣ ካርድ የሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ በአማካይ 1,133 ዶላር ይቀበላል። ከፍተኛ ሽልማት ያለው ካርድ የሚሰጠው ገቢው ከፍ ላለ ሰው ስለሆነ፣ ገንዘቡ ከታች ወደ ላይ የሚፈስ ነው ማለት ነው። ይህን ያህል ዝውውር ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት በግል ድርጅቶች የመጣኝ ሠንጠረዥ ሲከናወን የሕግ አውጪ ዝምታ ገለልተኛነት ሊባል አይችልም።

የአውሮፓ ኅብረት መንገድ ከአሜሪካው ይለያል፣ በእኔ እምነትም ይሻላል። የኅብረቱ ኮሚሽን በ2007 የማስተርካርድ የድንበር ተሻጋሪ ኢንተርቼንጅ የውድድር ሕግን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ የኅብረቱ የፍትሕ ፍርድ ቤትም በመስከረም 2014 ውሳኔውን አጸና። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ደንብ ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ ለግል ዴቢት ካርድ 0.2 በመቶ፣ ለግል ክሬዲት ካርድ 0.3 በመቶ ጣሪያ አደረገ። በ100 ዩሮ የክሬዲት ሽያጭ ላይ ለካርድ ሰጪው ባንክ የሚሄደው ከ30 ሳንቲም አይበልጥም። ጣሪያው በመቶኛ ስለሆነ የሁለት ዩሮ ሽያጭ ያለው ነጋዴ እንደ አሜሪካው ባልደረባው አልተቀጣም። ከጣሪያው ጀርባ ያለው አስተሳሰብም ደስ ይለኛል። ዳግመኛ የማይመለስ መንገደኛ ገንዘብ መክፈያው ዘንድ ቆሞ፣ ኪሱ ውስጥ በቂ ጥሬ ገንዘብ እያለው «በካርድ ልክፈል?» ቢል፣ ነጋዴው ሳይከፋው እሺ የሚልበት ዋጋ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ነጋዴውም ጥሬ ገንዘብ ለመቁጠር፣ ለመጠበቅና ወደ ባንክ ለማድረስ ወጪ አለው፤ ከዚያ ወጪ በላይ ለካርድ እንዲከፍል መገደድ የለበትም። ዋጋውን ከከፋዩ ወገን ሆኖ የሚመዝን መለኪያ ነው።

የአውሮፓው ደንብ ከጣሪያው ሌላ ብዙም ያልተወራላቸው ድንጋጌዎች አሉት። የነጋዴው ባንክ ለእያንዳንዱ የካርድ ዓይነትና ስም ዋጋውን ለይቶ እንዲያሳይ፣ ነጋዴው ራሱ በጽሑፍ ካልጠየቀ በስተቀር ሁሉን በአንድ መጣኝ እንዳይጠቀልልበት ያዝዛል። ነጋዴው የግል ካርዶችን እየተቀበለ ጣሪያ የሌለባቸውን የድርጅት ካርዶች የመመለስ መብትም አለው። ለእኔ እነዚህ ድንጋጌዎች ከጣሪያው አያንሱም፤ ጣሪያው ለጊዜው ያሳርፋል፣ ዋጋውን የማየትና እምቢ የማለት መብት ግን ነጋዴውን ተደራዳሪ ያደርገዋል።

ሆኖም አውሮፓም ከክፍተት አልዳነም። ጣሪያው የያዘው ኢንተርቼንጅን ነው፤ ኔትወርኮቹ ለራሳቸው የሚወስዱትን ሁለተኛውን ክፍል አልነካም። ያንኑ የአውሮፓ ጣሪያ በራሷ ሕግ ይዛ የቀጠለችው ብሪታኒያ ያየችው ይህን ነው። የአገሪቱ የክፍያ ሥርዓቶች ተቆጣጣሪ በ2025 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት፣ ቪዛና ማስተርካርድ ለነጋዴ ባንኮች የሚያስከፍሉት ዋና ዋና ክፍያ ከ2017 ወዲህ የዋጋ ንረት ተቀንሶለት እንኳን ቢያንስ 25 በመቶ መጨመሩንና ጭማሪውን የሚያስረዳ በቂ ምክንያት እንዳላገኘ ገልጿል። ብሪታኒያ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ደግሞ በእሷና በአውሮፓ መካከል በኢንተርኔት በሚደረግ ግዢ ላይ የነበረው ኢንተርቼንጅ በዴቢት ከ0.2 ወደ 1.15 በመቶ፣ በክሬዲት ከ0.3 ወደ 1.5 በመቶ ከፍ ብሏል። ግዢው የሚከናወንበት ዘዴ ያው ነው፤ የተለወጠው ሕጉ የሚደርስበት ወሰን ብቻ ነው።

ከአውሮፓ ቀድማ የጀመረችው አውስትራሊያ ናት። ማዕከላዊ ባንኳ በ2003 የክሬዲት ካርድ ኢንተርቼንጅን ከ0.95 በመቶ ገደማ ወደ 0.55 በመቶ ገደማ አወረደ። ባንኮቹ ብዙ ሳይቆዩ መውጫ አገኙ። ደንቡ አሜሪካን ኤክስፕረስ የተባለውን ሌላ የካርድ ኔትወርክ አይመለከትም ነበር፤ ስለዚህ ከመደበኛው ካርድ ጋር ሁለተኛ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ካርድ አጣምረው ለደንበኛ መስጠት ጀመሩ፣ ነጥቡንም በዚያኛው አበዙት። አንድ ሰው፣ አንድ ባንክ፣ ሁለት ካርድ፤ ነጋዴው የሚከፍለው ግን ውድ የሆነውን። ተቆጣጣሪው ይህን ቀዳዳ የዘጋው በ2017 ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ትልልቆቹ ባንኮች እነዚያን ካርዶች ማውጣት አቆሙ። በዚያች አገር ነጋዴ የካርዱን ወጪ በካርድ ከፋዩ ላይ እንዲጨምርም ተፈቅዶ ነበር፤ በአሠራሩ ግን ከወጪው በላይ የሚጨምሩ ስለተገኙ በ2016 ከወጪ በላይ መጨመር በሕግ ተከለከለ። በካርድ ከፋይ ላይ መጨመርን መፍቀድ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ይመስለኛል፣ ነገር ግን ለዋጋ ግልጽነት ብሎ ለነጋዴው ብቻ የተተወ መሣሪያ እንደማይበቃ የአውስትራሊያ ታሪክ ያሳያል።

በሌላኛው ጫፍ ሕንድ አለች። ከጥር 2020 ጀምሮ በአገር ውስጥ ኔትወርኳ በሩፔይ ዴቢት ካርድና በስልክ መክፈያ ሥርዓቷ በዩፒአይ ለሚደረግ ክፍያ ከነጋዴው ምንም ተቀናሽ እንዳይወሰድ ወስናለች። ለነጋዴው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግን ሥርዓቱን የማንቀሳቀስ ወጪ አልጠፋም፣ መንግሥት ለባንኮች በየዓመቱ ከበጀት ማበረታቻ መመደብ ግድ ሆኖበታል። እኔ ዜሮን አልደግፍም። ማሽኑ፣ መስመሩ፣ ከማጭበርበር መጠበቁ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ያንን ወጪ ነጋዴው ቢጋራ አይበደልም። የሚበደለው ከወጪው ብዙ እጥፍ ሲከፍል ነው።

አሜሪካ ውስጥ በክሬዲት ካርድ ላይ የቀረበው ረቂቅ ጣሪያ አይልም። ሴናተር ደርቢን ከሴናተር ሮጀር ማርሻል ጋር በ2022 ያቀረቡት፣ በ2023ም መልሰው ያመጡት ረቂቅ፣ ሀብታቸው ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆኑ ባንኮች የሚያወጡት ክሬዲት ካርድ ቢያንስ በሁለት ኔትወርክ እንዲሠራና ከሁለቱ አንዱ ከቪዛና ከማስተርካርድ ውጪ እንዲሆን ይጠይቃል። በዚህ መንገድ የትኛው ኔትወርክ ይሻለኛል የሚለውን ምርጫ ነጋዴው ያገኛል፤ ኔትወርኮቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋዩን ለማስደሰት ይሻማሉ። በሁለቱም ጊዜ ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። የፉክክሩን አቅጣጫ ስለሚያዞረው የምደግፈው ሐሳብ ነው። የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ደግሞ በ2024 ባወጣው ሕግ ከሽያጭ ታክስና ከጉርሻ ላይ ኢንተርቼንጅ እንዳይወሰድ ከለከለ፤ ባንኮች ወዲያውኑ ፍርድ ቤት ወሰዱት። የሕጉ አፈጻጸም ቢያከራክርም ጥያቄው እውነተኛ ነው። ነጋዴው ታክሱን የሚሰበስበው ለመንግሥት ነው፤ የእሱ ባልሆነው ገንዘብ ላይ ሁለት በመቶ ከኪሱ እንዲከፍል የሚያደርግ አሠራር በምን እንደሚደገፍ አይገባኝም።

አዲስ ሕግ የሚያረቅቅ ምክር ቤት ቢጠይቀኝ በቅድሚያ የማነሣው ጣሪያው በሦስቱም የተቀናሽ ክፍሎች ድምር ላይ እንዲያርፍ ነው፤ ኢንተርቼንጅ ብቻውን ከተያዘ ሌሎቹ እንደሚያብጡ ታይቷል። ለትንሽ ሽያጭ ቁርጥ ሳንቲም እንዲከለከልና በመቶኛ ብቻ እንዲታሰብ እፈልጋለሁ። ካርዱ በየትኛውም ስምና አደረጃጀት ቢወጣ፣ ነጋዴውን እስካስከፈለ ድረስ በሕጉ ሥር እንዲሆን መደረግ አለበት። የነጋዴው መግለጫ ደግሞ ለማን ስንት እንደሄደ በሦስት መስመር የሚያሳይ ይሁን፤ ይህን ለማድረግ ባንኮቹ የሚጎድላቸው መረጃ የለም።

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱም የጊዜ ጉዳይ ነው። ፌዴራል ሪዘርቭ በየሁለት ዓመቱ ከባንኮቹ በሚሰበስበው መረጃ መሠረት፣ ጣሪያው የሚመለከታቸው ባንኮች አንድን የዴቢት ግብይት ለመፍቀድ፣ ለማጣራትና ለመክፈል የሚያወጡት መሠረታዊ ወጪ በ2009 በአማካይ 7.7 ሳንቲም ነበር፤ በ2021 ወደ 3.9 ሳንቲም ወርዷል። 21 ሳንቲሙ ግን በ2011 እንደተጻፈ ቆየ። በጥቅምት 2023 ወደ 14.4 ሳንቲም የሚያወርድና ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ከወጪው ጋር በራሱ የሚስተካከል ደንብ በረቂቅ ቀርቧል። አሥራ ሁለት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም ነበር፤ የማስተካከያው ቀመር በ2010ሩ አንቀጽ ውስጥ አብሮ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ጣሪያው ወጪው በወረደ ቁጥር ያለ አዲስ ክርክር ይወርድ ነበር።